ከጥርጣሬ ያለፈች

በደርግ ጊዜ፣ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ በየቀበሌው በር ላይ በሚለጠፍባቸው ዓመታት፣ እኔ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ማዕረግ የለኝም፤ ዩኒፎርም የለኝም። ያለኝ ነገር እንግሊዝኛ ነው፤ ወይም አለኝ ብዬ አምን ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስፈተን በእንግሊዝኛ ኤ አምጥቼ በሌላው ሁሉ ወድቄአለሁ። ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ነው። የሰፈሬ ልጆች «ዲክሽነሪው» ይሉኝ ነበር። እያሾፉብኝ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ጣቢያ ከተቀጠርኩ በኋላ አንድ ደብተር ገዝቼ የወንጀልና የሕግ ቃላትን መሰብሰብ ጀመርኩ። ቴፍት ማለት ስርቆት፣ ሮበሪ አስፈራርቶ ወይም ደብድቦ መቀማት፣ በርግላሪ ደግሞ ቤት ሰብሮ ገብቶ መስረቅ። ሰስፔክት ተጠርጣሪ፣ አኪዩዝድ ተከሳሽ፣ ዊትነስ ምስክር። ከሥራ ስንወጣ ኬክ ቤት ተቀምጠን ማኪያቶ እየጠጣን ጓደኞቼ ይፈትኑኛል። «በሐሰት የመሰከረ ሰው ምን ይባላል?» ይላል አንዱ። እመልሳለሁ። የማላውቀው ሲመጣ ደግሞ ከራሴ ፈጥሬ እናገራለሁ። የሚያውቅብኝ አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች ወደ ጣቢያው ገቡ። አንደኛው ሚስተር ቶማስ የሚባል ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ዕድሜው ስልሳ ይጠጋል፤ ቡናማ ኮት ለብሶ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። አብራው የመጣችው ወይዘሮ የሺ ትባላለች፤ ሠራተኛ ሰፈር ባለው ቤቱ ስድስት ዓመት ያገለገለች፣ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ናት። የታጠበ ነጠላ ለብሳለች። እሷ የሱን ቋንቋ አታውቅም፤ እሱም የሷን አያውቅም። ስድስቱን ዓመት በእጅ ምልክትና በጥቂት ቃላት ተግባብተው ኖረዋል።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። እንግሊዝኛ ግን ከየስና ከኖ በቀር አያውቅም።

«ግርማ፣ ና እስቲ። ይህ ሰውዬ ምን እንደሚል ንገረኝ» አለኝ።

ከጽሕፈት መኪናዬ ተነስቼ ስሄድ ደረቴን ነፍቼ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሚስተር ቶማስ ነገሩን በዝግታ አስረዳኝ። ባለቤቱ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ አርፋለች። የወርቅ አምባሯ ጠፍቶበታል። ወደ አገራችን ሲገቡ ጉምሩክ አስመዝግበውታል፤ አሁን ኮንትራቱ አልቆ በሚቀጥለው ወር ወደ አገሩ ስለሚመለስ «የት አደረስከው?» ተብሎ እንዳይጠየቅ መጥፋቱን የሚገልጽ ወረቀት ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉን በትክክል ተረጎምኩ። ሃምሳ አለቃው እየሰማ ይጽፋል፤ እኔም ልቤ ሞልቷል።

«ቤቱ የሚገባና የሚወጣ ማነው?» አለ ሃምሳ አለቃው።

ጠየቅኩለት። ይህች ሴት ብቻ እንደሆነች መለሰ።

«ታዲያ ስለሷ ምን ይላል? ይጠረጥራታል?»

ይህንንም ጠየቅኩት። ሚስተር ቶማስ ወደ ወይዘሮ የሺ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ጭንቅላቱን ሕንዶች እንደሚያደርጉት ወደ ቀኝም ወደ ግራም አወዛወዘ፤ አዎ ይሁን አይደለም የማይለይ ነገር ነው። ከበፊቱ ፈጠን ብሎ «ሺ ኢዝ ቢዮንድ ሰስፒሽን» አለ። ደግሞም ደገመው።

ሰስፒሽን ጥርጣሬ ነው፤ በደብተሬ አለ። ቢዮንድ ባሻገር ወይም ያለፈ ማለት ነው። ሁለቱን ገጠምኳቸው። ከጥርጣሬ ያለፈች። ታዲያ ከጥርጣሬ የሚያልፈው ምንድነው? እርግጠኝነት ነው አልኩ በልቤ። መጠርጠር ብቻ ሳይሆን እርግጠኛ ነኝ ማለቱ ነው። ያኔ ውስጤ ትንሽ አመነታ። ፈገግታው ከቃሉ ጋር አልገጥም አለኝ። «ይድገሙልኝ፣ ምን ማለትዎ ነው?» ማለት እችል ነበር። ግን ሃምሳ አለቃው እያየኝ ነበር፤ በር ላይ የቆሙት ሁለት ፖሊሶችም እያዩኝ ነበር።

«ጉዳዩ ከጥርጣሬ ያለፈ ነው፤ እሷ ለመሆኗ እርግጠኛ ነኝ ነው የሚለው» አልኩ።

ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወይዘሮ የሺ አፏን ይዛ ሚስተር ቶማስን አየችው።

«እሱ ራሱ እኮ ነው ነይ ብሎ ይዞኝ የመጣው» አለች።

«እሺ፣ እናጣራዋለን። አንቺ ትቆያለሽ» አላት ሃምሳ አለቃው።

ቃሉን በአማርኛ ተየብኩት። «የወሰደችው ወይዘሮ የሺ መሆኗን ያለ ጥርጥር አረጋግጣለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእነዚህ ጣቶቼ ነው የመታሁት። ሚስተር ቶማስ አንብቦ የማያውቀውን ፊደል አየት አድርጎ ፈረመ። ሴትዮዋ ለምን እንደምትቆይ ሲጠይቀኝ ለአንዳንድ ጥያቄ ነው አልኩት። ምስክርነት የምትሰጥ መሰለው። የሚያስተምርበት ሰዓት ስለደረሰ ተነሳ፤ ሲወጣም ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ በፈገግታ ተሰናበታት። እሷ ያን ፈገግታ እንዴት እንዳየችው አስቡት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ኖሮ የስህተት ታሪክ ይሆን ነበር። ማንም ሰው ቃል ይሳሳታል። የኔ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ነው።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ ያ ፈገግታ አልለቅ አለኝ። አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት የማውቀው ሱቅ ገብቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ አወረድኩ። ባለሱቁ ሁልጊዜ ሳልገዛ እንደማነብ ስለሚያውቅ አልከለከለኝም። ሰስፒሽን የሚለውን ቃል አገኘሁት። ከሥሩ ቢዮንድ ሰስፒሽን የሚል በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ትርጉሙ ሊጠረጠር ፈጽሞ የማይችል፣ ንጽሕናው የታወቀ ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። መጽሐፉን ከድኜ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ጣቢያው ከዚያ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሃምሳ አለቃው ገና አልወጣም ነበር። እኔ ግን ወደ ቤቴ አቀናሁ። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ፤ ጠዋት ይሻላል አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ገና ሳልቀመጥ ጠራኝ። ከጎኑ አለቃው መቶ አለቃ ቆሟል።

«ይህ ነው ልጁ» አለው ሃምሳ አለቃው። «ትናንት ከሕንዱ ጋር ሲነጋገር ብታየው እንግሊዝ አገር የተወለደ ነው የሚመስለው።»

መቶ አለቃው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ዋናው መምሪያ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ስምህን ላስተላልፈው ነው» አለኝ።

«አመሰግናለሁ ጓድ መቶ አለቃ» አልኩ።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። በኋላ ለራሴ ብዙ ምክንያት ደርድሬአለሁ። በዚያ ዘመን የተሳሳተ ወረቀት «አሻጥር» ሊባል ይችላል፤ ለትንሽ ነገር ሰው ይታሰራል። እውነት ነው፤ ፍርሃቱም ነበር። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አንደበቴን የያዘው ፍርሃት አልነበረም። ሙገሳው ጣፍጦኝ ነው።

ረፋዱ ላይ ወይዘሮ የሺ ቃሏን እንድትሰጥ ከማረፊያ ክፍል ወጣች። ዓይኗ አብጧል። እኔ ተየብኩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «አበራ የሚባል አንድ ልጅ አለኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ነገ ጠዋት ከቀበሌ ይወስዷቸዋል። ሸኝቼው ልመለስ። ፖሊስ አብሮኝ ይሂድ። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

«ምርመራው ሳያልቅ አይቻልም» አለ። አንገቱን ደፍቶ ነበር የተናገረው።

እሷም ወደኔ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ የሱን ቋንቋ ትችላለህ። እባክህ ቤቱ ሄደህ ጠይቅልኝ። የት እንዳስቀመጠው ረስቶ ይሆናል። ባለቤቱን ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ ያ አምባር ክንዷ ሲመነምን እየወለቀ ሲያስቸግራት ያወለቅኩላት እኔ ነኝ። መውሰድ ብፈልግ ያኔ አልወስድም?»

«እሺ እትዬ የሺ፣ እሄድልዎታለሁ» አልኳት።

በምሳ ሰዓት ሠራተኛ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። የሚስተር ቶማስ ግቢ በር ጋ ደረስኩ። ከነገርኩት ወደ ጣቢያው እንደሚመጣ፣ ከመጣ ደግሞ ስህተቴ እንደሚወጣ አሰብኩ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ። እሱ በበኩሉ እሷ አለመምጣቷ አላሳሰበውም፤ ልጇን ለመሸኘት የሳምንቱን ቀሪ ቀናት አስቀድማ አስፈቅዳው ነበር። ይህን በኋላ ነው ያወቅኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አበራ ራሱ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉሩን ተላጭቶ። ምግብ በሳሕን ቋጥሮ ይዟል። በር ላይ ያለው ፖሊስ መገናኘት ክልክል ነው አለው። እኔ በረንዳው ላይ ስለነበርኩ ምግቡን ተቀብዬ ላስገባላት ጠጋ አልኩ።

«ወንድሜ፣ አንተ እዚህ ነው የምትሠራው?» አለኝ።

«አዎ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ንገረኝ። ወስዳለች እንዴ?»

እዚያ በረንዳ ላይ ማንም እንዳልከሰሳት ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በጣቢያው ውስጥም አልነበረም። ልጁ ዓይኔን እያየ ይጠብቃል።

«ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው» አልኩት።

«እሺ። አበራ ደህና ሁኚ ብሎሻል በላት። እጽፍልሻለሁ ብሏል በላት» አለኝና ሄደ። ምግቡን አስገባሁላት። መልእክቱንም ነገርኳት። ጥያቄውን ግን አልነገርኳትም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ምልምሎቹን የጫኑት መኪናዎች ከማዘጋጃ ቤት በኩል ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ ደረስኩ። ወጣቶቹ ይዘፍናሉ፤ እናቶች ከኋላ ይሮጣሉ። አበራን ፈልጌ አላየሁትም። ጸጉራቸውን የተላጩ ልጆች ሁሉ ይመሳሰላሉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሚስተር ቶማስ እያለከለከ ገባ። አምባሩን በመሐረብ ይዞታል። ዕቃውን ሲያሽግ በባለቤቱ ሳሪ እጥፋት ውስጥ አገኘው። ለወይዘሮ የሺ ሊያበስራት ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ያለው ቤቷ ሄዶ ነበር፤ ጎረቤቶቿ በእጃቸው ወደ ጣቢያ አመለከቱት። ከማክሰኞ ጀምሮ ታስራ እንደቆየች ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣና «ነግሬህ ነበር እኮ። ልትጠረጠር የማትችል ሴት ናት ብዬ ነግሬህ ነበር» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ምን ይላል?» አለ ሃምሳ አለቃ ደምሴ።

ሁለቱም አዩኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ እኔ ብቻ ነኝ።

«ተሳስቼ ነው የከሰስኳት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል» አልኩ።

ሃምሳ አለቃው ተቆጣ። «ሰው እንዲህ በቀላሉ አይወነጀልም በለው። ልጇን እንኳን ሳትሸኝ ቀረች በለው።»

እኔም ወደ ሚስተር ቶማስ ዞሬ ሃምሳ አለቃው ይቅርታ እየጠየቀው እንደሆነ፣ ነገሩ የአሠራር ጉዳይ እንደነበር ነገርኩት። የመጀመሪያውን ባለማወቅ ነበር። ይህኛውን እያወቅኩ ነው። እንግሊዝኛም እንደዚያን ቀን ቀንቶኝ አያውቅም።

ወይዘሮ የሺ ወጣች። ሚስተር ቶማስ ባርኔጣውን አውልቆ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ ገጥሞ ጎንበስ አለላት። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ አየችው።

«ስድስት ዓመት ቤቱን ጠብቄለታለሁ። እግዚአብሔር ይየው በለው» አለችኝ።

«ምን አለች?» አለኝ እሱ።

«ደክሞኛል ነው የምትለው» አልኩት።

በር ላይ ስትደርስ እጄን ያዘችኝ። «አንተ ግን ተባረክ። ምግቤን አቀብለኸኛል፤ የልጄንም ቃል አድርሰህልኛል» አለችኝና ወጣች።

የዝውውር ደብዳቤው በወሩ መጣ። አልሄድም አልኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣቢያውንም ለቀቅኩ። ሚስተር ቶማስን ፍለጋ አንድ ቀን ሄጄ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ገብተዋል።

ወይዘሮ የሺን ግን ከሩቅ አያት ነበር። አትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ሳያት መንገድ እቀይራለሁ። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። መንግሥት ተለወጠ፤ የተበተነው ሠራዊት ከተማውን ሞላው። በፒያሳ ሳልፍ የእያንዳንዱን ረጅም ቀጭን ወታደር ፊት አይ ነበር። አንድ ጠዋት ግን መንገድ ሳልቀይር ወደሷ ሄድኩ።

አወቀችኝ። የእንጨት ሣጥን አስጠግታ አስቀመጠችኝ። ሁሉን ነገርኳት፤ ቃሉን፣ መዝገበ ቃላቱን፣ ረቡዕን፣ ዓርብን። የሽንኩርቱን ደረቅ ልጣጭ እየገፈፈች ሰማችኝ።

«ማክሰኞ ማታ አውቀሃል ማለት ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ሐሙስ ጠዋትም ታውቃለህ።»

«አዎ፣ እትዬ የሺ።»

ሌላ ሽንኩርት አነሳች። ከአበራ ሁለት ደብዳቤ እንደመጣላት፣ ሁለተኛው ከሰሜን እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ እንዳልጻፈና ካምፕ ለካምፕ ብትጠይቅም እንዳላገኘችው ነገረችኝ።

«ያን ቀን በረንዳው ላይ ምን አለህ? ሁሉን ንገረኝ» አለች።

መዋሸት እችል ነበር። ደግ ውሸት ይሆን ነበር፤ ግን የኔ የውሸት ድርሻ አልቆ ነበር። «ወስዳለች እንዴ ብሎ ጠየቀኝ» አልኳት።

«አንተስ?»

«ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው አልኩት።»

አንዲት ሴት መጥታ ሽንኩርት መርጣ ሄደች። «በደብዳቤዎቹ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አላነሳም» አለች በመጨረሻ። «አምኖኝ ነው ዝም ያለው ብዬ ነበር የኖርኩት።»

የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

«ያ ሰውዬም ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ሁለት ጊዜ በሬን አንኳኩቷል። ውስጥ ሆኜ ድምፁን እየሰማሁ አልከፈትኩለትም። ምንም ሳያደርግ ነው እንግዲህ የዘጋሁበት?»

«ምንም አላደረገም።»

«በል አሁን ሂድ፤ ገበያ ላይ ነኝ» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ በፍርድ ቤቶች ለሃያ ዓመት ያህል አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። በችሎት መካከል እጄን አንስቼ «ክቡር ዳኛ፣ ይህ አነጋገር አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ወጣት ጠበቆች ሲስቁብኝ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ደግሞ ጥንቃቄውን ያደንቃሉ፤ ሲያደንቁኝ ከመሳቃቸው ይልቅ ይከብደኛል። ምናልባት ከናንተም መካከል ሌላውን ሰው ከጉዳት የሚያድን እውነት በእጁ ይዞ ነገ ጠዋት እናገራለሁ ብሎ ያሰበ ይኖር ይሆናል። እኔ ነገ ጠዋት ስደርስ ትናንት ከነበርኩት የባስኩ ሰው ሆኜ ነው ያገኘሁት ራሴን። ይህን ለመምከር አይደለም የምጽፈው፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

አትክልት ተራ ካነጋገርኳት ከዚያ ጠዋት በኋላ ወይዘሮ የሺ ሁለተኛ ታናግረኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰው ላከችብኝ። ቤቷ ስሄድ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የሚስተር ቶማስን የአገር ቤት አድራሻ አብሮት ያስተምር ከነበረ ሰው ለምና አግኝታለች።

«ለሱ ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ነው» አለችኝ። «ካንተ በቀር ቋንቋውን የሚችል ሰው አላውቅም። የምልህን ብቻ ጻፍ፤ ከራስህ አትጨምር።»

እውነቱን ሳታውቅ በሯን እንደዘጋችበት፣ የባለቤቱን መቃብር አልፎ አልፎ እየሄደች እንደምታጸዳ፣ ጤንነቱ እንዴት እንደሆነ አስጻፈችኝ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው መልሼ በአማርኛ አነበብኩላት። ሲያልቅ ከታች ጥቂት ቦታ ተርፏል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን እዚያው ልጻፍበት ብዬ ለመንኳት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አጠፈችው።

«ያንተን በራስህ ወረቀት ጻፍ» አለችኝ።